ግድግዳ ውስጥ የቀረው ዘነዘና

ዛሬ ጠዋት የአንዲት የሰማንያ አራት ዓመት እናት ዘነዘና ግድግዳ ውስጥ ቀበርኩ። ቀብሬም ዝም አላልኩም፤ ሳንቃ ገጠምኩበት፣ ሳንቃውን በብሎን አሰርኩት፣ ብሎኑ እንዳይታይ ነጭ ቀለም ቀባሁበት፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ የእጄን ሥራ አደነቅኩ። ሌባ እንኳ የሰረቀውን እንዲህ አሳምሮ አይደብቅም።

ሰው ሲያረጅ ሞኝነቱ ይቀንሳል ይባላል። ይህን ያለው ሰው እኔን አያውቀኝም። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሞኝነቴ ግን ገና ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው።

ሥራዬ የድሮ ቤቶችን የእንጨት መስኮት ማደስ ነው፤ ሥራ ከተባለ። ባለቤቴ «ከቤት መውጫ ሰበብ» ትለዋለች። ከዚህ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ካልጋሪ የፕላስቲክ መስኮት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከየሰፈሩ የእንጨት መስኮት እየተነቀለ በቆሻሻ መኪና ሲሄድ፣ በቦታው የሚገባውን ፕላስቲክ የምገጣጥመው እኔ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ከእጄ የተረፉትን እየዞርኩ አክማለሁ። ገድሎ ሲያበቃ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ማለት ነው።

ለደንበኞቼ አዲስ አበባ አናጢ ነበርኩ ብዬ ነው የማወራው። እውነቱን እዚህ ላይ ልናገርና ይውጣልኝ፦ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ነበር። መስኮት የነካሁት ለመዝጋት ብቻ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ «መስኮቱን ዝጉት እንጂ፣ በብርድ ልትፈጁን ነው!» እያለ የሚጮኸው ሰውዬ ትዝ ይላችኋል? እኔ ነበርኩ። ንፋስ እፈራለሁ። ፋልከንሪጅ ያለው ቤቴ ዙሪያውን ፕላስቲክ ነው፤ ምናልባትም በገዛ እጄ የገጣጠምኩት። ከመስከረም እስከ ግንቦት ብርድ ይገባል ብዬ አልከፍተውም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ የጫካ ቃጠሎው ጭስ ይገባል እላለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በየሰው ቤት እየዞረ መስኮት የሚያስከፍተው።

የዚህኛው ሥራ ነገር የተጀመረው ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ነው። ሽሮዬን እየበላሁ ነበር። አጠገቤ አንዲት የማውቃት ነርስ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ኢንግልውድ ውስጥ መቶ ዓመት ያለፈው የእንጨት ቤት ገዝታ እናቷን ያመጣች ልጅ ናት። ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ።

«የእማዬ ሩም ዊንዶው አይከፈትም። ፔይንት ተደርቦበት ተደርቦበት ተጣብቋል። የነገ ሳምንት ማንዴይ ከኮክረን ከተማ የዊንዶው ሰዎች ይመጣሉ፤ ቡክ አድርጌያቸዋለሁ። ኒው ዊንዶው ያስገቡልኛል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሐኪሜም ባለቤቴም የሚመክሩኝ ይህንኑ ነው።

«የእንጨት ነው?» አልኩ።

«አዎ ጋሼ። ቤቱ ሲሠራ የገባ ነው መሰለኝ።»

«እሱን ልትነቅዪ? እኔ በሕይወት እያለሁ? ሳምንቱን ስጪኝና በአንዲት ጣት የሚከፈት አደርገዋለሁ!»

አንዲት ጣት ያልኩት ሽሮው ትኩስ ስለነበረና አፌም ስለሞቀ ነው። እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩት እናቷ ግን ቀና አሉ።

«አዲሱ መስኮት እጅ ያስወጣል?» አሉ።

«እማዬ፣ እሱ ስክሪን አለው። ትንኝ እንዳይገባ መረብ ነገር።»

«እጅስ?»

«እጅማ አይወጣም።»

«እንግዲያው ይሄ ሰውዬ ይሞክር» አሉ እናትየው፣ እኔን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ልጅቷ ተነፈሰች። «እሺ ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ ናይት ሺፍት ነው የምሠራው፣ እማዬ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት። ፋየር ቢነሳስ? ዊንዶውን ራሷ፣ በራሷ እጅ መክፈት አለባት። ሳተርዴይ ከእንቅልፌ ስነሳ አያታለሁ። ከከፈተችው የማንዴዩን ካንስል አደርጋለሁ። ካልቻለች ግን እንዳይቀየሙኝ።»

«በአንዲት ጣት» አልኩ ደግሜ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ዝም ሊል ይችላል። እኔ ግን ደግሜ እምላለሁ።

ሰኞ ዕቃዬን ይዤ ስሄድ እናትየው፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ለምን ስለ እጅ እንደጠየቁ ገባኝ። መኝታ ክፍላቸው የቤቱ ጎን ላይ ነው፤ የጎረቤት ቤት መስኮት ከፊት ለፊቱ አለ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከሁለቱ መስኮት ክንዱን ቢዘረጋ ጣቶቻቸው ይነካካሉ። በዚያኛው መስኮት አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ትቀመጣለች። እሷ ደረጃ መውረድ አትችልም፣ እትዬም ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ዓመት ሙሉ ሁለቱ በመስታወት ውስጥ ሲተያዩ ኖረዋል። አንዷ የልጅ ልጅ ፎቶ ታሳያለች፣ ሌላዋ የመድኃኒት ብልቃጥ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። የፈረንጇ መስኮት ይከፈታል፤ እሷ ከፍታ ትናገራለች፣ እትዬ ከዝጉ መስታወት ጀርባ ሆነው በአማርኛ ይመልሳሉ። ከጓሮዋ የወጣ ነጭ ሽንኩርት በልጅቷ በኩል ትልክላቸዋለች። እትዬ ደግሞ በወጉ ሳህን ሊመልሱላት ይፈልጋሉ።

«ሰው ነጭ ሽንኩርት ሰጥቶኝ ባዶ ሳህን ይዤ ዓመት ሙሉ ተቀምጫለሁ» አሉኝ። «ልጄ ላድርስልሽ ትለኛለች። የኔን ሳህን እኔ ነኝ የማቀብለው። ይሄን መስኮት ክፈትልኝ።»

ይህን ዓይነት መስኮት ላላየ ሰው ልንገር። እንደ እኛ አገሩ በማጠፊያ ወደ ውጭ አይከፈትም። ሁለት የመስታወት ክፈፎች አሉት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፤ የታችኛው ወደ ላይ ሲገፉት ይንሸራተታል። ምስጢሩ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። በግራና በቀኝ ሰው የማያያቸው ጠባብ ኪሶች አሉ፤ በየኪሱ እንደ ክንድ የረዘመ ድብልብል ብረት በገመድ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ከላይ በትንሽ መዘውር ላይ ዞሮ ከክፈፉ ጎን ይታሰራል። መስኮቱ ሲወጣ ብረቶቹ ይወርዳሉ፤ ሲወርድ ይወጣሉ። ሚዛን ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ ሚስቴን ሳስረዳት ግን አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል።

ሁለት ቀን ሙሉ ቀለም ፈቀፈቅኩ። የድሮ ቀለም መርዝ አለበት፤ አፍንጫዬን በጭምብል ሸፍኜ፣ እንጨቱን ውሃ እየረጨሁ፣ አቧራው እንዳይነሳ ነበር የምሠራው። ነጩን ስፍቀው ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር ደግሞ ሌላ ነጭ። እያንዳንዱ ባለቤት የቀደመውን ስሕተት ሸፍኖ ነው የሄደው። እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩኛል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ከምትልጥ ድንች ብትልጥልኝ ምሳ ይደርስ ነበር።»

በዚህ ከተማ «አንተ ልጅ» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። በሰባ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ስባል፣ እውነት ለመናገር፣ ወገቤ ቀና ይላል።

ረቡዕ መስታወቱን ዳር ዳሩን የሚይዘውን ሊጥ አቦካሁ። የኖራ ዱቄት ነው፣ በተልባ ዘይት የሚቦካ። እትዬ ሽታው ጎትቶ አመጣቸው።

«ተልባ ነው?»

«ተልባ ነው እትዬ።»

«የፍልሰታን ጾም ግድግዳውም ይጾማል እንዴ?» ሳቁ። ጎንበስ ብለው ሊጡን በጣታቸው ጫን አደረጉት። «ቀጥኗል። ማን ነው ማቡካት ያስተማረህ? ዱቄት ጨምር።»

ኮራሁና አልጨመርኩም። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ሊጡ በመስታወቱ ላይ እንደ ንፍጥ ተንዠርግጎ አገኘሁት። ዱቄት ጨምሬ እንደገና አቦካሁ። እትዬ ምንም አላሉም፤ ሙሉውን ቀን ምንም ባለማለታቸው ነው የቀጡኝ።

ዓርብ ከሰዓት መስኮቱ ከመቶ ዓመት ቀለሙ ተላቀቀ። በድሮው ገመድ እንደታሰረ እትዬን «ይሞክሩት» አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን አድርገው ገፉት። ሦስት ጣት ያህል ተነሳና ቆመ። እንደገና ገፉት። ትንፋሻቸው አጠረ፣ መስኮቱ ከሦስት ጣት አላለፈም። እኔ ሞከርኩት፤ ለእኔ ይነሳል። ለእሳቸው ክንድ ግን ከባድ ነው።

ፈረንጇ ከወዲያ ማዶ መስኮቷን ከፍታ ታያለች። እጇን አውጥታ አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየቻቸው። እትዬ እጃቸውን በጠባቧ ክፍተት ለማሾለክ ሞከሩ፤ ሳህን የሚያህል ነገር ቀርቶ ክርናቸውም አላለፈም። እጃቸውን መለሱና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ማንዴይ የምትለው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከነገ ወዲያ በማግስቱ እትዬ። ነገ አዲስ ገመድ አስራለሁ፣ መንገዱን ሻማ እቀባዋለሁ። ይቀልላል።»

ይቀልላል ያልኩት ተስፋ አድርጌ እንጂ አውቄ አይደለም።

ዛሬ ቅዳሜ በጠዋቱ ደረስኩ። ልጅቷ ከሺፍት ገብታ ተኝታለች። ሁለቱን ብረቶች አውጥቼ ዝገታቸውን በሽቦ ብሩሽ አራገፍኩ፣ የጓሮው በረንዳ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። የቀኙን ወስጄ በአዲስ ገመድ አሰርኩ። ለግራው ስመለስ ጋዜጣው ላይ ያለውን አነሳሁ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። እዚያ የሚቀመጠው ጭንቅላቴ እንዲያይበት መሆን አለበት፤ ዓይኔማ አላየበትም።

ብረቱ ጫፍ ላይ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ መኖር አለበት። ፈለግኩ፣ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ይል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «ይሄን የሠራው ፈረንጅ ሰነፍ ነበር፤ መብሳቱን ረስቶታል» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተን ባለሙያ ሰደብኩ። ከዚያ ገመዱን አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ፣ እንዳይሾልክ በሽቦ አጠበቅኩት፣ በራሴም ብልሃት ተደነቅኩ። ኪሱ ውስጥ ለቀቅኩት። ሳንቃ፣ ብሎን፣ ቀለም።

የሆነው ይህ ነው፦ እትዬ የብረት ዘነዘናቸውን አጥበው፣ ፀሐይ እንዲመታው እኔ በዘረጋሁት ጋዜጣ ላይ አስቀምጠውታል። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳይመስላችሁ፤ ጋዜጣው የተዘረጋው በእሳቸው በረንዳ ላይ ነው። እኔ ዘነዘናውን ወሰድኩ። እሳቸው ደግሞ ቆይተው መጡና የቀረውን ብረት አነሱ። ዓይናቸው ሞራ ሊያወጣ ነው፤ ክብደቱም ቁመቱም ወንድማማች ነው።

እጄን እየታጠብኩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ና ወዲህ። ዘነዘናዬን ማን በሳው?»

«ማን ይበሳዋል እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ትናንት ጭንቅላቱ ድፍን ነበር። ዛሬ ነጭ ሽንኩርቴን በቀዳዳው እየዋጠ አስቸገረኝ።»

ወጥ ቤት ገባሁ። ሙቀጫው ውስጥ የቆመው የእኔ ብረት ነበር፤ ቀዳዳው በነጭ ሽንኩርት ተደፍኗል። መነጽሬን ከግንባሬ አወረድኩ። ሲዘገይ ነው እንጂ መነጽር ሁልጊዜ ይሠራል።

«እትዬ፣ ይሄ ነጭ ሽንኩርት አይበላም፣ ይደፋ» አልኩ። «ይሄ ብረት መቶ ዓመት ግድግዳ ውስጥ ዝገትና የድሮ ቀለም ሲጠጣ የኖረ ነው።»

«ግድግዳ ውስጥ? የኔ ዘነዘና ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የእርስዎ ዘነዘና ግድግዳ ውስጥ የገባው…» መነጽሬን በሸሚዜ ጠረግኩ። «አሁን ነው።»

አዩኝ። ከዚያ ሙቀጫውን አዩ። ከዚያ እንደገና እኔን።

«ያንን ዘነዘና ይዤ ስመጣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣው ከበደ አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ቀሚስ አውጥቼ ለእህቴ ሰጠሁና ዘነዘናዬን አስቀረሁ። አንተ ደግሞ ቀለም ቀባህበት።»

መሬት ብትከፈት ኖሮ እገባ ነበር፤ ግን በዚህ ሳምንት ለመክፈት የሞከርኩት ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ማለት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ካቻቢቴዬን አነሳሁ። እትዬ እያነከሱ ተከተሉኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላወጣው ነዋ! ቀለሙን እፍቃለሁ፣ ሳንቃውን እፈታለሁ፣ ክፈፉን አወርዳለሁ…»

«ስንት ሰዓት ይወስዳል?»

«ሁለት። ሁለት ተኩል።»

«ልጄ ልትነሳ አንድ ሰዓት አልቀራትም» አሉ። «ተነስታ መስኮቱን ተበታትኖ ብታየው ምን ትላለች? ማንዴይ ትላለች።»

ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልክ ናቸው። መስኮቱን ከፈታሁት ፈተናው ቀረ፤ ፈተናው ከቀረ ሰኞ የኮክረኖቹ ሰዎች መጥተው መረብ ያለበትን ይገጥማሉ። ምናልባትም የእኔን የድሮ ፋብሪካ ሥራ።

«እስቲ ዞር በልልኝ» አሉና መቀርቀሪያውን ፈቱ። አንድ እጃቸውን ከክፈፉ ሥር አድርገው ትንሽ ነካ አደረጉት።

መስኮቱ ተነሳ። አልገፉትም ብል ይሻላል፤ ራሱ ነው የወጣው። የትናንቷን ክፍተት አለፈ፣ ክንድ አለፈ፣ ከላይ ሄዶ በቀስታ ቆመ። ዘነዘናው ከብረቱ ትንሽ ይከብዳል። ሚዛኑን ስቶ ወደ እሳቸው አድልቷል። እኔ ሳምንት ሙሉ ለማምጣት የለፋሁትን ቅለት መነጽሬን ባለማድረጌ አገኘሁት።

እትዬ እጃቸውን አዩ። መስኮቱን አወረዱት፤ ወደ ታች ለመሳብ ክብደታቸውን ጣል ማድረግ ብቻ ነው። ቀረቀሩት። እንደገና ከፈቱት። እንደ ሕፃን ልጅ ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት።

«ይሄንን ብታወጣው ደግሞ ይከብዳል?»

«ይከብዳል እትዬ። እንደ ትናንቱ ይሆናል።»

«እንግዲያው ተወው።»

«ዘነዘናዎስ?»

«እሱን አንተ ታመጣለህ» አሉ፣ ነገሩ ድሮ የተወሰነ ይመስል። «አሁን ና፣ የቀረኝን አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ውቀጥልኝ። ጎመኑ እየጠበቀ ነው።»

በምን ልውቀጥ? ሙቀጫውንና የመዶሻዬን የእንጨት እጀታ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤ በእጀታው ወቀጥኩ። እሳቸው በላዬ ቆመው «ቀስ በል፣ ሚስማር አይደለም» ይሉኛል።

ልጅቷ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ አለቀ? ፔይንቱ ቆንጆ ነው!»

«አልቋል ልጄ» አልኩ። ወዲያው የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ሳብኩ፣ ባርኔጣዬንም አጠለቅኩ። ነሐሴ ነው፣ ውጭው ሙቀት ነው፤ ቢሆንም መስኮት ሊከፈት ነው። እትዬም ነጠላቸውን ከአናታቸው አንገታቸው ድረስ ጠመጠሙ። ሁለታችንን ያየ ተራራ ልንወጣ የተነሳን ይመስለው ነበር።

«እማዬ፣ ለብቻሽ። ጋሼ እንዳይነኩላት።»

እትዬ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ አንዲት ጣታቸውን ብቻ፣ ሌባ ጣታቸውን፣ ከክፈፉ ሥር አደረጉ። አውቀው ነው። መስኮቱ እስከ ላይ ወጣ።

ንፋሱ ገባ። ደረቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ከወዲያ ማዶ ፈረንጇ ለካ መስኮቷን ከፍታ ስትጠብቅ ቆይታለች፤ ጮኸች፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። እትዬ ከአልጋቸው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሳህኑን አነሱ፦ ምስር፣ ጎመን፣ ሁለት ጥቅልል እንጀራ። ሁለት እጃቸውን አወጡ። እሷም ሁለት እጇን አወጣች። ሳህኑ መሃል ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ልጅቷ «እማዬ!» አለች፣ ከዚያ ሳህኑ ተሻገረ።

ፈረንጇ በጣቷ ጎመኑን ቀመሰች። አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ።

«ነጭ ሽንኩርቱ የኔ ነው አለች። ከሽታው አወቀችው» አለች ልጅቷ። ዘወር ብላ ስልኳን አንስታ የማንዴዮቹን ሰዎች እዚያው ቆማ ካንስል አደረገቻቸው። ስትጨርስ መስኮቱን ወደ ታች ወደ ላይ አደረገችው። «ኦ ማይ ጋድ። ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው? እኔ እኮ አይሆንም ብዬ ነበር።»

ይሄ ነበር እውነቱን መናገሪያው ሰዓት። እና ምን አልኩ?

«ሚዛን ነው ልጄ» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «የግራውና የቀኙ ብረት ክብደት በጥንቃቄ ነው የሚመረጠው።»

እትዬ ከመስኮቱ ሳይዞሩ ሳል መጣባቸው።

«አዎ» አሉ። «በጣም ተጠንቅቆ ነው የመረጠው። እኔ ምስክር ነኝ።»

ዕቃዬን ስሰበስብ መዶሻዬ ጠፋ። ወጥ ቤት ውስጥ አገኘሁት፤ ሙቀጫው ውስጥ እጀታው ወደ ታች ተተክሎ ቆሟል። ላነሳው እጄን ስዘረጋ እትዬ እጄን መታ አደረጉት።

«እሱ መያዣ ነው» አሉ። «ዘነዘናዬን ስታመጣ ትወስደዋለህ።»

ቀዳዳ ያለውን ብረት መኪናዬ ውስጥ ወርውሬ ሄድኩ። መንገዴ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ። የእንጨት ዘነዘና አለ፣ የብረት ግን የለም። እትዬ ደግሞ የእንጨቱን አይቀበሉም፤ እሱንማ መዶሻዬም ይሠራዋል። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ እዚያው ከመኪናዬ ውስጥ ደወልኩለት።

«ዘነዘና? የብረት?» አለኝ። «ጋሼ፣ ኪሎዬ በበርበሬ ሞልቷል። ቀለል ያለ ነገር ይዘዙኝ እንጂ፣ ጋቢ፣ ነጠላ…»

«ሦስት ቀሚስ አውጣ» ልለው ፈለግኩ። እሱ ግን ቀሚስ አይለብስም።

ቤት ስገባ የባለቤቴ ዘነዘና መደርደሪያው ላይ ተኝቷል። የብረት ነው። ቁመቱም ልክ ነው። ዓይኔ የት እንዳረፈ አየችና ከወንበሯ ሳትነሳ «የሱን ነገር እንዳታስበው» አለች። «እሱን የነካህ ቀን ግድግዳ ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ፤ ቀለሙን ደግሞ እኔ እቀባዋለሁ።»

ሰኞ የሌላ ቤት መስኮት እጀምራለሁ። ሚስማር መምታት አለብኝ፤ መዶሻ ግን የለኝም። መዶሻዬ ኢንግልውድ ውስጥ ሙቀጫ ውስጥ ተተክሎ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣል፤ ለእትዬ አንድ የብረት ዘነዘና እስካመጣላቸው ድረስ።